ሮምን ማን ጣላት?



ስለ ሮም አወዳደቅ በተነሳ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ሮማውያን በመጠጥና በዝሙት ተዘፈቁ፤ ከዚያ አረመኔዎች መጥተው ጠራረጓቸው» ይባላል። መልሱ አጭር ነው፤ ለተናጋሪም ለሰሚም ይመቻል። ተናጋሪው የሌላውን ነውር ቆጥሮ ይጨርሳል፤ ሰሚውም «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔን ግን ይህ መልስ አያጠግበኝም። ዓመታቱን በቅደም ተከተል ስንደረድራቸው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ ከዚህም በላይ ከሮም ልንማረው የሚገባውን ዋናውን ቁም ነገር ይሸፍንብናል።

በዚህች ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ምዕራባዊውን የሮም ግዛት የመታው ጠላት ከውጭ መጥቷል። በሩን የከፈተለት ግን ከውስጥ የነበረው ዙልም ነው። ይህን ለማስረዳት ከ376 እስከ 476 ባለው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ የተፈጸሙ ጥቂት ነገሮችን አነሳለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግዛቲቱ ጥንካሬ ከየት ነበር?

በ2ኛው መቶ ዓመት ሮም ከብሪታንያ እስከ ኤፍራጥስ፣ ከራይንና ከዳኑብ ወንዞች እስከ ሰሐራ በረሃ ትገዛ ነበር። ሕዝቧ ከ50 እስከ 70 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን ሁሉ አገር ያቀናችው በሰይፍ መሆኑ አይካድም። አጽንታ የያዘችው ግን የተሸነፈውን ሕዝብ ቀስ በቀስ የራሷ በማድረግ ነበር። በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች ከሞላ ጎደል ለሁሉም የዜግነት መብት ሰጠ። በ248 የከተማይቱ 1000ኛ ዓመት ሲከበር በዙፋኑ ላይ የነበረው ፊልጶስ በዛሬዋ ሶሪያ የተወለደ ሰው ነው፤ ታሪክም «ዐረቡ ፊልጶስ» እያለ ይጠራዋል።

መከራም አልቀረላትም። ከ235 እስከ 284 በነበሩት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራረቁባት፤ አብዛኞቹም የተገደሉት በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ነው። በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌርያን በፋርስ ንጉሥ ተማረከ። በአውግስጦስ ዘመን ንጹሕ ብር ሊባል ይችል የነበረው ገንዘብ በ270 ገደማ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ብር አልነበረውም። ያም ሆኖ ሮም ከዚህ ሁሉ ተነሳች። ዲዮቅልጥያኖስ (284-305) እና ቆስጠንጢኖስ ሠራዊቱን፣ ግብሩንና አስተዳደሩን እንደገና አዋቀሩ። በ330 ቁስጥንጥንያ፣ ማለትም የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ተመረቀች። ከ395 በኋላ ግዛቱ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ነገሥታት እጅ ቀረ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ከዚያ ሁሉ ጥፋት የተነሳች አገር በ5ኛው መቶ ዓመት ለምን መነሳት አቃታት?

ሦስቱ የተለመዱ መልሶች

የመጀመሪያው መልስ የሥነ ምግባር ውድቀት ነው። ሮም በነውሯ የታወቀችው በእነ ኔሮንና በእነ ካሊጉላ ጊዜ፣ በ1ኛው መቶ ዓመት ነው። ያ ዘመን ግን ገና እየተስፋፋች የነበረችበት ነው። በወደቀች ጊዜ ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር፤ የጣዖት መሥዋዕት በሕግ ተከልክሏል፤ ሰው ከሰው የሚገዳደልበት የመድረክ ፍልሚያም እየቀረ ሄዷል። ሰካራሟ ሮም ቆማ ጿሚዋ ሮም ከወደቀች፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ሁለተኛው መልስ የእንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ የኤድዋርድ ጊበን ነው። ጊበን ከ1776 እስከ 1788 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ክርስትና የሮማውያንን የጦረኝነት መንፈስ አለዝቦታል ብሎ ከውድቀቱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። አንድ ሙስሊም ይህን ሲያነብ ደስ ሊለው ይችል ይሆናል። ሚዛን ግን ለወዳጅም ለባላንጣም አንድ መሆን አለበት። ምሥራቁ ግዛት ከምዕራቡ ይበልጥ ክርስቲያን ነበር፤ ነገር ግን እስከ 1453፣ ማለትም ከምዕራቡ በኋላ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆየ። ስለዚህ የጊበን መልስ ምዕራቡ ብቻ ለምን እንደወደቀ አያስረዳም።

ሦስተኛው መልስ «አረመኔዎች ናቸው» የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ከ370ዎቹ ጀምሮ ሁኖች ከምሥራቅ መጥተው ጎቶችን ከአገራቸው ነቀሉ፤ ያ ግፊት ሮም ያመጣችው አልነበረም። ይሁንና የመጡት ሰዎች ጠላት የሆኑት እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ዳኑብ ወንዝ ዳር እንሂድ።

በዳኑብ ዳር የተፈጸመው

በ376 ሁኖችን የሸሹ ብዙ ሺህ ጎቶች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወንዙ ዳር ቆመው ለመሻገር ፈቃድ ለመኑ። የመጡት ለልመና እንጂ ለወረራ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት ቫሌንስ ያን ጊዜ በአንጾኪያ ነበር። አማካሪዎቹ «ይህ ሲሳይ ነው፤ ከእነሱ ወታደር እንመለምላለን፤ የእኛ ገባሮች ደግሞ በወታደር ፋንታ ወርቅ ይከፍላሉ» አሉት። ፈቀደላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጻፈልን ራሱ የሮም ሠራዊት መኮንን የነበረው አሚያኑስ ማርኬሊኑስ ነው። ስደተኞቹን እንዲቀበሉ የታዘዙት ሉፒኪኑስና ማክሲሙስ የሚባሉ ሹማምንት ለእነዚያ ሰዎች የሚሆነውን ቀለብ መነገጃ አደረጉት። ረሃብ ሲጸና ውሾችን እየሰበሰቡ አንድ ውሻ በአንድ ባሪያ ይለውጡ ጀመር። በዚህ ንግድ ለባርነት ከተሰጡት መካከል የጎቶቹ አለቆች ልጆች እንኳ እንደነበሩበት አሚያኑስ ይነግረናል። ቀጥሎም ሉፒኪኑስ መሪዎቻቸውን ግብዣ ጠርቶ ሊያስገድላቸው ሞከረ። አመፁ ተነሳ።

አሚያኑስ የሚጨምረው ሌላም ነገር አለ። ከአመፀኞቹ ጋር የተቀላቀሉት ጎቶች ብቻ አልነበሩም። ግብሩ ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችም ገብተው መንገድ ይመሩ፣ የተደበቀ እህል ያሳዩ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአገሩ ሰው ለመጣበት እንግዳ ጎተራውን የሚያሳየው ምን ቢደርስበት ነው?

ነሐሴ 9 ቀን 378 በአድሪያኖፕል፣ ዛሬ በቱርክ ኤዲርኔ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ሁለቱ ወገኖች ገጠሙ። ከሮም ሠራዊት ሁለት ሦስተኛው ያህል አለቀ። ቫሌንስም ሞተ፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ይህ ሁሉ ሲጀመር የነበረው የቀለብ ሌብነት ነው።

ግብሩን ማን ከፈለ?

ሠራዊት በግብር ይኖራል። ሮምም ብዙ ግብር ታስከፍል ነበር። ነገሩ የሚበላሸው ግን ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ ሲታይ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኦሊምፒዮዶሮስ እንደጻፈው፣ ከሮም ከተማ ትላልቅ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከርስታቸው በየዓመቱ 4,000 ፓውንድ ወርቅ ያገኙ ነበር። የሮማውያን ፓውንድ ሲሶ ኪሎ ያህል ነው። ሲማኩስ የሚባለው ባለጸጋ ልጁ ሹመት ሲያገኝ ለተደረገው የሕዝብ ትርኢት ብቻ 2,000 ፓውንድ ወርቅ አወጣ። በአንጻሩ ድሀው ገበሬ ግብሩን መክፈል ሲያቅተው መሬቱን ለባላባት አስረክቦ ጭሰኛ ይሆን ነበር፤ ሕጉም ጭሰኛው ከመሬቱ እንዳይለቅ ያሰረው።

ሌላም ዘዴ ነበር። ውዝፍ ግብር በየጊዜው ይማራል። ስናየው ምሕረት ይመስላል። ድሀው ግን ግብሩን ገና በዓመቱ መጀመሪያ ተገድዶ ይከፍላል እንጂ ውዝፍ የሚያቆይ ጉልበት የለውም። የሚያዘገየው ባለጸጋው ነው፤ ምሕረቱም ለእሱ ይሆናል። ዩልያኖስ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሲያስተዳድር ይህን ስለተረዳ ውዝፍ መማርን እምቢ ብሎ ዋናውን ግብር ቀነሰ። አሚያኑስ እንደሚለው በመጣ ጊዜ በአንድ የግብር ክፍል 25 የወርቅ ሳንቲም ይጠየቅ ነበር፤ በሄደ ጊዜ 7 ብቻ ሆነ። ስለዚህ «ሌላ መንገድ አልነበረም» ማለት አይቻልም። መንገዱ ነበረ፤ የተከተለው ጠፋ።

የዚህ ውጤት ምን እንደነበር በ449 ወደ ሁኖቹ ንጉሥ ወደ አቲላ በመልእክተኝነት የሄደው ፕሪስኩስ ያሳየናል። በአቲላ ሰፈር ውስጥ እንደ ሁን የለበሰ አንድ ሰው በግሪክኛ ሰላም አለው። ሰውየው በዳኑብ ዳር ነጋዴ የነበረ የሮም ዜጋ ነው። ተማርኮ ነጻ ከወጣ በኋላ መመለስ ሲችል እዚያው ቀርቷል። ለምን ቢባል፣ በሮም አገር ግብር ሰብሳቢው እንደማያኖር፣ ባለጸጋ ቢያጠፋ እንደማይቀጣ፣ ድሀ ለመክሰስም ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ዘረዘረለት። ፕሪስኩስ ስለ ሮም ሕግ ጥሩነት ተከራከረ። ሰውየውም አለቀሰ። ሕጉ መልካም እንደሆነ፣ ገዢዎቹ ግን እንደ ቀድሞዎቹ ባለመሆናቸው እያበላሹት እንደሆነ መለሰለት።

እኔ በሮም ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነገር አላገኘሁም። ይህ ሰው ሮምን አልጠላም። የሚያለቅሰውም ስለሚወዳት ነው። ግን አልተመለሰም።

የራሷን ጠባቂዎች መግደሏ

ሦስተኛው በደል በአገልጋዮቿ ላይ የተፈጸመው ነው። ስቲሊኮ አባቱ ቫንዳል እናቱ ሮማዊት የሆነ የምዕራቡ ታላቅ ጦር አዛዥ ነበር። በ408 በቤተ መንግሥት ሰዎች ተንኮል ተገደለ። ግድያው በእሱ አላበቃም። በጣሊያን ከተሞች የነበሩ የባዕድ ተወላጅ ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ተጨፈጨፉ። ለሮም ሲዋጉ የነበሩት እነዚያ ወታደሮች ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወደ ጎቶቹ መሪ ወደ አላሪክ ሄዱ፤ ከ30,000 በላይ እንደነበሩ ተጽፏል።

አላሪክ የዚያኑ ዓመት ሮምን ከበበ። ከበባውን ለማንሳት 5,000 ፓውንድ ወርቅ፣ 30,000 ፓውንድ ብር፣ የሐር ልብስና 3,000 ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ ተቀበለ። እሱ አጥብቆ የሚፈልገው ግን ለሕዝቡ የሚሆን መሬትና ለራሱ የሮም ሹመት ነበር። ድርድሩ ደጋግሞ ፈረሰና በነሐሴ 410 ከተማይቱን ገብቶ ሦስት ቀን ዘረፋት። በ454 ደግሞ አቲላን በመመከት የታወቀውን ጄኔራል ኤቲየስን ንጉሠ ነገሥት ቫለንቲኒያን 3ኛ በገዛ እጁ ገደለው። በዓመቱ የኤቲየስ ሰዎች ንጉሡን ገደሉት። በዚያው በ455 ቫንዳሎች ሮምን ለ14 ቀን ዘረፏት።

የካርቴጅ መጥፋት

የመጨረሻው ምት የገንዘብ ነው። የምዕራቡ መንግሥት ዋና ጎተራና ካዝና ሰሜን አፍሪካ፣ በተለይም የዛሬዋ ቱኒዚያ ነበረች። የቫንዳሎቹ ንጉሥ ጋይሰሪክ በ429 ከስፔን ተሻግሮ በ439 ካርቴጅን ያዘ። በ444 የወጣ አንድ የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ፣ ካዝናው ሠራዊቱን ለመመገብና ለማልበስ እንኳ እንዳልበቃ በግልጽ አምኖ በሽያጭ ላይ አዲስ ቀረጥ ጣለ። በ445 ደግሞ በሰሜን አፍሪካ ለመንግሥቱ ከቀሩት የተጎዱ አውራጃዎች ሁለቱ ከቀድሞው ግብር አንድ ስምንተኛውን ብቻ እንዲከፍሉ ተደረገ። በ468 ምሥራቁና ምዕራቡ ተባብረው በ1,100 መርከብ ካርቴጅን ለማስመለስ ዘመቱ። አዛዡ ባሲሊስኩስ ለጋይሰሪክ የአምስት ቀን ጊዜ ሰጠው፤ ጋይሰሪክም ነፋሱን ጠብቆ በእሳት የሚነድ ጀልባ ለቀቀባቸው። ተስፋው ከመርከቦቹ ጋር ተቃጠለ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ስም ነበር። መስከረም 4 ቀን 476 ጄኔራል ኦዶአከር ሮሙሉስ የሚባለውን ወጣት ንጉሥ ከዙፋን አወረደው። አልገደለውም፤ በዓመት 6,000 የወርቅ ሳንቲም ጡረታ ቆርጦ ወደ ደቡብ ጣሊያን ሰደደው። የንግሥናውም ምልክቶች ወደ ቁስጥንጥንያ ተላኩ። ለሮሙሉስ ብሎ ሰይፍ የመዘዘ ሕዝብ አልነበረም።

ኢብኑ ኸልዱን ምን ይላሉ?

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ዐሊም ኢብኑ ኸልዱን ናቸው። በ1332 የተወለዱት ከካርቴጅ ፍርስራሽ ብዙም በማትርቀው በቱኒስ ከተማ ነው። በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፋቸው መንግሥታት ዐሰቢያ በሚሉት የመተሳሰር ኃይል ይነሳሉ፣ እሱ ሲላላም ይወድቃሉ ብለዋል። መንግሥት በጅማሬው ጥቂት ግብር ጥሎ ብዙ ገቢ ያገኛል፤ በመጨረሻው ብዙ ግብር ጥሎ ጥቂት ያገኛል የሚለው ትንታኔያቸው ዛሬም በምጣኔ ሀብት ምሁራን ዘንድ ይጠቀሳል። ዙልም የሰው ልጅ ለሥራ ያለውን ተስፋ እንደሚቆርጥና አገርን እንደሚያፈርስም በሰፊው አብራርተዋል። የእሳቸው ምርምር በአብዛኛው በሰሜን አፍሪካና በእስፓንያ የሙስሊም መንግሥታት ላይ ያተኮረ ነበር። ፍርዱ የወጣው በእኛም ላይ ነው ማለት ነው።

አንድ ተገቢ ጥያቄ

«ምሥራቁስ ግብር ሰብሳቢው የተሻለ ነበርን? ለምን አልወደቀም?» ብሎ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምሥራቁም በደል ነበረበት፤ የፕሪስኩስ ነጋዴም የምሥራቁ ዜጋ ነው። ያዳነው የቁስጥንጥንያ ጽኑ ግንብና ከዚያ ግንብ ጀርባ በሰላም ትከፍል የነበረችው ሀብታሟ ግብፅ ናት። ስለዚህ በደል ያለበት መንግሥት ሁሉ ወዲያውኑ ይወድቃል አልልም። የምለው፣ በደል ያለበት መንግሥት ከውጭ ሲመታ የሚያነሳው ሰው ያጣል ነው። ምሥራቁም በተራው አይቶታል። በዐረብኛ «ሩም» ተብሎ የሚጠራውና አንድ የቁርኣን ሱራ በስሙ የተሰየመለት ይህ መንግሥት ከ602 እስከ 628 ከፋርስ ጋር ባደረገው ጦርነት ደክሞ ሳለ፣ በሃይማኖት ልዩነት ያስጨነቃቸው ሕዝቦች የሚኖሩባቸውን ሶሪያንና ግብፅን ከ634 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጣ።

ለማጠቃለል

ውድ አንባቢያን፣ የሮምን ታሪክ ለልጆቻችን ስናስተምር ስለ ግብዣዎቿና ስለ ስካሯ መተረክ ቀላል ነው። እኔ የምመክረው ግን ሌሎች ጥያቄዎችን እንድናስቀድም ነው። በወንዙ ዳር ቆሞ ለለመነው ስደተኛ የተመደበውን እህል ማን በላው? ግብሩን ማን ከፈለ፣ ማንስ ተማረለት? ለአገሩ የቆሰለው ወታደር ቤተሰቡ በዘሩ ምክንያት ሲገደል ማን ዝም አለ? እነዚህን ጥያቄዎች የትኛውም ሕዝብ፣ ሙስሊምም ሆነ ሌላ፣ ስለ ራሱ ሊጠይቃቸው ይገባል። ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ የሚያስፈጽመው ሰው ሲበድል ዜጋው በልቡ ይሰደዳል። በልቡ የተሰደደ ሕዝብ ደግሞ ግንብ ሲፈርስ ቆሞ ያያል እንጂ ድንጋይ አያቀብልም።